ቆዳ በምን ልስፋ? ከወስፌ እስከ ከባዱ መኪና

«ቦርሳ መሥራት ልጀምር ነው፤ የትኛውን መኪና ልግዛ?» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ የምትሰፋው ቆዳ እጥፉ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። አልፈርድም። የመጀመሪያዬን መኪና ስገዛ እኔም አላውቅም ነበር።

የገዛሁት ያገለገለ መኪና ነበር። ሻጩ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሰፍቶ አሳየኝ፤ ስፌቱ ልቅም ያለ ነው። በጋሪ ጭኜ ቤት አደረስኩት። ልሰካው ስል መሰኪያው እንቢ አለ። ሞተሩ ለካ የሦስት ፌዝ ነው። ሱቁ 380 ቮልት አለው፣ የእኔ ኪራይ ቤት ያለው 220 ብቻ ነው። ሞተር አስቀይሬ ደግሞ ስጀምር ሁለተኛው ጉድ መጣ። ጨርቅ እንደ ጉድ ይሰፋ የነበረው መኪና የላም ቆዳ ሲቀርብለት መርፌ እየሰበረ ቆመ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ እዚህ የትኛው ማርካ ይበልጣል የሚል ክርክር የለም። በአንድ ዓይነት አሠራር የተሠሩ መኪኖች ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። የሚለያየው የአሠራሩ ዓይነት ነው። እሱን ለመምረጥ ደግሞ መጀመሪያ የራሳችሁን ሥራ መለካት አለባችሁ።

መጀመሪያ ሥራችሁን ለኩ

ዋናው ነገር ውፍረት ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህችን አትዝለሉ። ሰው የሚሳሳተው ቆዳውን አንድ ድርብ ብቻ ለክቶ ስለሚሄድ ነው። መኪናው ግን የሚቸገረው ቆዳው ተጣጥፎ በተደራረበበት ቦታ ነው።

የበግ ሌጦ ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእኛ አገር በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በውጭ ገበያ ለጓንት ይፈለጋል። ለቦርሳ የሚሸጠው የላም ቆዳ ከ1.2 እስከ 1.4 አካባቢ ነው። ቀበቶ 3 እና ከዚያ በላይ ነው። አሁን አስሉት። የቦርሳው ጠርዝ ታጥፎ ከሌላ የታጠፈ ጠርዝ ጋር ሲገናኝ አራት ድርብ ይሆናል። በ0.7 የበግ ሌጦ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ1.3 የላም ቆዳ ግን 5.2 ሆነ። ማንጠልጠያው በሁለት ድርብ እዚያው ከገባ ወደ 8 ይጠጋል። እነዚህን ሁለት ሥራዎች አንድ ዓይነት መኪና በአንድ ዓይነት መርፌ አይችላቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «ከባድ መኪና ያስፈልገኛል» የሚለው ጠርዝ ማሳሳት ስለማይችል ነው። የሚታጠፈውን ጠርዝ ከሥጋው ወገን ወደ ግማሽ ብታሳሱት ያ 5.2 ሚሊ ሜትር ወደ 2.6 ይወርዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ቢላና ለስላሳ የእምነበረድ ቁራጭ ነው። ከሴጌቶ ምላጭ የተሳለ የጫማ ሰፊ ቢላም ይበቃል። ቆዳውን እምነበረዱ ላይ በፊቱ አስተኙ፤ ቢላውን አጋድማችሁ ወደ ውጭ ግፉ። ቢላው ቆዳውን ከጎተተ ዶልዱሟል ማለት ነው። ጉልበት አትጨምሩ፤ ሳሉት። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ቁራጭ ታበላሻላችሁ፤ ለዚህ ፍርፋሪ ቆዳ በኪሎ መግዛት ይሻላል።

ቀጥሎ ክር። በብዙ ጥቅል ላይ የሚታየው ቁጥር የተገላቢጦሽ ነው፦ ቁጥሩ ሲያንስ ክሩ ይወፍራል። ቁጥር 60 ቀጭን ነው፣ ቁጥር 40 ለገበርና ለስስ ሥራ ይሆናል፣ ቁጥር 20 ለቦርሳ ጠርዝና ለማንጠልጠያ የሚያምር ወፍራም ስፌት ይሰጣል። መርፌውም አብሮ ይሄዳል፦ ለቁጥር 40 መርፌ 110፣ ለቁጥር 30 መርፌ 125፣ ለቁጥር 20 መርፌ 140 አካባቢ። መርፌው ከክሩ ከቀጠነ ክሩ ይተለተላል፤ በጣም ከወፈረ ደግሞ ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ጫፉም የቆዳ ይሁን። የጨርቅ መርፌ ክሮችን ገፋ አድርጎ ነው የሚያልፈው፤ የቆዳ መርፌ ግን ጫፉ ስለት ስላለው እየቆረጠ ይገባል።

ሦስተኛው ቅርጽ ነው። ሥራችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚሰፋ ነው ወይስ እንደ ሣጥን የተዘጋ? አራተኛው ብዛት፦ በቀን ስንት? አምስተኛው መብራት። ስድስተኛው መለዋወጫና መካኒክ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአገሩ መካኒክ የማያውቀው ድንቅ መኪና ከተበላሸ የጠረጴዛ ጌጥ ነው የሚሆነው።

በእጅ

በእጅ መስፋትን የድሃ አማራጭ አድርገው የሚያዩ አሉ። ተሳስተዋል። የመኪና ስፌት የላይና የታች ክር መሃል ላይ ተቆላልፈው የሚይዙት ነው። አንዱ ከተበጠሰ ጎረቤቱም መላላት ይጀምራል። ባለ ሁለት መርፌ የእጅ ስፌት ግን አንድ ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ተሰክቶበት በየቀዳዳው ከግራም ከቀኝም ይተላለፋል። አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። ለኮርቻ፣ ለቀበቶና ለከባድ ማንጠልጠያ እስካሁን የሚመረጠው ለዚህ ነው። በየገዳማቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የብራና መጻሕፍት ማኅደርም በጠፍርና በወስፌ የተሰፋ ነው፤ መኪና አላየም።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ወስፌ ወይም ሹካ የሚመስል ባለ ጥርስ መብሻ፣ ጫፋቸው ያልሾለ ሁለት መርፌ፣ 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰም የተቀባ ክር፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መዶሻ፣ ሥራውን የሚይዝ የእንጨት ሞርሳ። የብረት መዶሻ መብሻውን አናቱን ስለሚያጠፍጥፈው ይቅርባችሁ። ሰም የተቀባ ክር ካጣችሁ ተራውን የፖሊስተር ክር በንብ ሰም እሹት፤ ያው ነው። ክሩን ስትቆርጡ የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ አድርጉ። ለ30 ሳንቲ ሜትር ስፌት 1.2 ሜትር ማለት ነው፤ ለመርፌው ማሰሪያ ትንሽ ጨምሩበት።

ጣጣው ጊዜ ነው። ቀዳዳው በየ4 ሚሊ ሜትሩ ከሆነ አንድ ሜትር ስፌት 250 ቀዳዳ አለው። እኔ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ሬድዮ ከፍቼ፣ ወደ 50 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ዙሪያው ሦስት ሜትር የሚሰፋ ቦርሳ ግማሽ ቀን በላ ማለት ነው። ዋጋው ይህን የሚመልስ ካልሆነ በእጅ መስፋት ያከስራል። ለመቸኮል መሞከርም አይጠቅምም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቤት ያለችው የልብስ ስፌት መኪና

ብዙ ቤት ቢራቢሮ ወይም ሲንጀር አለ። «በእናቴ መኪና ቆዳ መስፋት እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። መልሱ፦ ስስ የበግ ሌጦ ሁለት ድርብ፣ በቁጥር 60 ክር፣ በዝግታ፤ አዎ። ጥቁሯ ባለ ፔዳል የብረት መኪና ከአዲሷ የፕላስቲክ መኪና በዚህ ትሻላለች። መብራትም አትፈልግም። ከዚያ በላይ ግን አታስጨንቋት። ክሩ ከስር ይጠላለፋል፣ መርፌው ይጣመማል፣ ቆይቶ ታይሚንጉ (መርፌውና ከስር ክሩን የሚይዘው መንጠቆ የሚገናኙበት ቅንጅት) ይዛባል። እናትም ይቀየማሉ።

የልብስ ፋብሪካ መኪና

ይቺ በየልብስ ሰፊው ሱቅ ያለችው ጠረጴዛ ላይ የተተከለች ፈጣን መኪና ናት። ገበያው ላይ እንደ ልብ ትገኛለች፣ መካኒክም መለዋወጫም ሞልቷል። ለበግ ሌጦ ጃኬትና ለለስላሳ ቦርሳ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ትሠራለች። ችግሯ አጎታተቷ ነው። ቆዳውን የሚጎትተው ከስር ያለው ጥርስ ብቻ ነው። የላይኛው ቆዳ ከላይ ተጭኖ የሚይዘው እግር ላይ ይጣበቃል፣ የታችኛው ይሄዳል። 40 ሳንቲ ሜትር ሰፍታችሁ ጫፍ ስትደርሱ ሁለቱ ቆዳዎች አይገጥሙም። ከስር ደግሞ የጥርሱ ንክሻ ይቀራል። መፍትሔው ቴፍሎን (የሚያንሸራትት ፕላስቲክ) ወይም ባለ መንኮራኩር እግር መግጠምና ጠርዙን አስቀድሞ በማስቲሽ ማጣበቅ ነው። ልብ በሉ፣ መርፌዋ ከሌሎቹ ይለያል፤ ስትገዙ አሮጌውን መርፌ ይዛችሁ ሂዱ።

በእጅ የምትዞረው የጫማ ጥገና መኪና

ቀጭን ረጅም ክንድ ያላት፣ ትልቅ ጎማ በእጅ የሚዞርባት ናት። በኢንተርኔት ቪዲዮ አይታችሁ ልባችሁ ሳይሄድ አልቀረም። የጥንቱ የጫማ ሰፊ ሲንጀር ቅጂ ናት። ጥሩ ጎኗ እውነት ነው፦ እግሩ ከላይ ይጎትታል፣ ወደፈለጋችሁበት አቅጣጫ ይዞራል፣ ክንዱ ጫማ ውስጥ ይገባል። መብራት አትፈልግም። ለሊስትሮና ለጫማ ጠጋኝ ሌላ አቻ የላትም።

ለአዲስ ቦርሳ ግን አልመክራትም። የታች ክር የሚጠቀለልበት ቦቢኗ ትንሽ ስለሆነ ክሩ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። የእግሩ ጥርስ በቆዳው ፊት ላይ ምልክት ይተዋል። የስፌቱ ርዝመት እኩል አይወጣም። ርካሾቹ ደግሞ ብረታቸው ሸካራ ሆኖ ይመጣል፤ ክር የሚነካበትን ቦታ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ዘይት ካላጠጣችሁ ክር ትበጥሳለች። አንድ ጓደኛዬ ገዝቶ ሦስት ቀን ብረት ሲያለሰልስ ከረመ። አሁን ይወዳታል፣ ግን ጫማ ብቻ ነው የሚጠግንባት።

ከባዱ መኪና፦ መርፌውም እግሩም የሚራመደው

የቆዳ ቦርሳ ሥራ ቤት ስትገቡ የምታዩት ይሄ ነው። ከስር ጥርሱ፣ ከመሃል መርፌው፣ ከላይ እግሩ ሦስቱም አብረው ይራመዳሉ። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንዳለ ወደ ኋላ ይሄዳል። እግሩም ሁለት ነው፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይነሳል፣ ልክ እንደ ሰው እርምጃ። ስለዚህ የላይና የታች ቆዳ አይሸሻሹም። ከቀጭን ወደ ወፍራም ስትሻገሩም እግሩ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ያልፋል። ቁጥር 20 ክር ይጎርሳል፤ 8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል።

ይህ ዓይነት መኪና በጠፍጣፋ ጠረጴዛ፣ በክንድና በምሰሶ ይመጣል። ጠፍጣፋው ለቀበቶ፣ ለዋሌት፣ ተገልብጦ ለሚሰፋ ቦርሳ ይሆናል። ክንድ ያለው የተዘጋ ቅርጽ ውስጥ ይገባል፤ ጎኑ ወደ ውጭ የተሰፋ የሣጥን ቅርጽ ቦርሳ ያለ እሱ ያስለቅሳል። ምሰሶ ያለው ከፍ ያለ ነው፤ ለጫማው የላይኛ ክፍል ነው፣ ቦርሳ ሠሪ ብዙም አያስፈልገውም። መጀመሪያ አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ጠፍጣፋውን ግዙ እላለሁ። ክንዱን የሚመርጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ጠረጴዛ ሊገጠምለት ይችላል ይላሉ። ትክክል ነው፤ ግን ጠፍጣፋው ይረክሳል፣ ባገለገለ ዕቃ ገበያም ላይ በብዛት ይገኛል፣ የቦርሳችሁን ዲዛይን ከእሱ ጋር ማስማማት ይቻላል።

ስለ ሞተር። የድሮው ክላች ሞተር ከተለኮሰ ጀምሮ ሰፋችሁም አልሰፋችሁም ይዞራል፣ ይጮኻል። ፔዳሉን ትንሽ ስትነኩት መኪናው ይፈተለካል። ቆዳ ላይ ደግሞ የተሳሳተ ቀዳዳ አይደፈንም፤ እንደ ጨርቅ ፈትቶ መስፋት የለም። ሰርቮ ሞተር ፍጥነቱ ይወሰናል፣ ካልሰፋችሁ ዝም ይላል፣ መብራትም ይቆጥባል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የጎረቤት ነገር አለ። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሰርቮውን ለብቻው ገዝቶ መቀየር ይቻላል፤ ከምትገዙት ነገር ሁሉ ብርን በደንብ የሚመልሰው እሱ ይመስለኛል።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

ዋጋን በብር አልጻፍኩም። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያረጃል። በደረጃ አስቀምጬዋለሁ፦ 1 በጣም ርካሹ፣ 6 በጣም ውዱ። ውፍረቱ በወፍራሙ ቦታ የሚለካ ነው፤ ግምታዊ ነው፣ ቆዳው ጠንካራ ከሆነ ቀንሱለት።

| አማራጭ | ውፍረት (ሚ.ሜ) | ክር | የሚመቸው ቅርጽ | መብራት | የዋጋ ደረጃ |
|---|---|---|---|---|---|
| በእጅ፣ ባለ ሁለት መርፌ | ገደብ የለውም ማለት ይቻላል | የፈለጋችሁት | ሁሉም | አይፈልግም | 1 |
| የቤት የልብስ መኪና | እስከ 2፣ ለስላሳ ብቻ | ቁጥር 60 | ጠፍጣፋ | ባለ ፔዳሏ አትፈልግም | 2 |
| የጫማ ጥገና መኪና | እስከ 5 | ቁጥር 40 እና 30 | ጠባብና የተዘጋ | አይፈልግም | 3 |
| የልብስ ፋብሪካ መኪና | እስከ 3፣ ለስላሳ | ቁጥር 60 እና 40 | ጠፍጣፋ | ይፈልጋል | 4 |
| የሚራመድ፣ ጠፍጣፋ | እስከ 8 | ከቁጥር 40 እስከ 20 | ጠፍጣፋ፣ ተገልባጭ ቦርሳ | ይፈልጋል | 5 |
| የሚራመድ፣ ክንድ ያለው | እስከ 8 | ከቁጥር 40 እስከ 20 | የተዘጋ፣ ሣጥን | ይፈልጋል | 6 |

ታዲያ ለማን የቱ?

ገና እየተማራችሁ ከሆነ ወይም በሳምንት አንድ ሁለት ዋሌትና ቀበቶ የምትሠሩ ከሆነ፣ በእጅ ስፉ። መኪና ቢኖራችሁም እንኳ መጀመሪያ በእጅ የሰፋ ሰው መኪናው ሲሳሳት ቶሎ ያውቀዋል። የቀረውን ብር ጥሩ ቆዳ ግዙበት።

ትእዛዝ እየበዛ፣ ብር ግን ገና ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን አሳስታችሁ፣ በማስቲሽ አጣብቃችሁ፣ ከባድ መኪና ያለው ሰው ጋ ወስዳችሁ በፍሬ ከፍላችሁ ማሰፋት። እኔ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። በኋላ ከባዱን መኪና ስገዛ ምን ዓይነት እንደምፈልግ ያወቅሁት እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው ሲሰፋ በማየት ነው።

የበግ ጃኬትና ስስ ቦርሳ ብቻ ከሆነ ሥራችሁ፣ የልብስ ፋብሪካ መኪናዋ ባለ መንኮራኩር እግር ተገጥሞላት ትበቃለች። ጫማ ጥገና ከሆነ፣ በተለይ መብራት በሌለበት ቦታ፣ በእጅ የምትዞረዋን ግዙ። በቀን ከአምስት ቦርሳ በላይ ከሆነ የሚራመደውን፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትገዙትም አያስወቅስም። ጫማ ልትሠሩ ከሆነ ደግሞ ምሰሶ ያለውን ከባለሙያ ጋር ሄዳችሁ እዩ፤ እሱ የራሱ ዓለም ነው።

ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካላችሁ መብሻ፣ መርፌና ሰም የተቀባ ክር በሉት። ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ከባዱ መኪና ግን ጭንቅላቱ ብቻ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ከአሜሪካ ከመጣ ሞተሩ 110 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ እንዳለ ሰክታችሁ እንዳታቃጥሉት። ከዱባይ የሚመጣው በዚህ በኩል ችግር የለውም።

ሱቅ ስትሄዱ

የራሳችሁን ቆዳ፣ የራሳችሁን ክር ይዛችሁ ሂዱ። መርካቶ ሸራ ተራ ሄዳችሁ ከምትገዙት ከዚያው ቆዳ ቁራጭ ቁረጡ፤ በማስቲሽ አጣብቃችሁ ሁለት፣ አራትና ስድስት ድርብ የሆነ እንደ ደረጃ የሚወጣ ናሙና ሥሩ። መኪናው ላይ ከሁለቱ ወደ ስድስቱ፣ ከስድስቱ ወደ ሁለቱ ስፉ። ደረጃው ላይ ስፌቱ ካጠረ ወይም ከዘለለ መኪናው ለእናንተ አይሆንም፣ ወይም ታይሚንጉ መስተካከል አለበት። ከዚያ ገልብጡት። ስፌት የሚፈተሸው ከጀርባው ነው። የታችኛው ክር ቀጥ ብሎ እንደ ገመድ ከተዘረጋ የላይኛው ክር ላልቷል፤ ቋጠሮው ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ የላይኛው ከሯል። ይህ በማስተካከል ይድናል። የዘለለ ስፌት ግን ምክንያቱን ሳትሰሙ ብር እንዳታወጡ።

የሞተሩን ጠፍጣፋ ሳህን አንብቡ፦ 220 ነው 380? አንድ ፌዝ ነው ሦስት? የመርፌውን ቁጥር ጻፉ፤ እዚያው ሰፈር ያ መርፌ ከሁለት ሱቅ በላይ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። ጎማውን ሞተሩ ሳይነሳ በእጃችሁ አዙሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ወይም የመፋጨት ድምፅ ከሰጠ አስተውሉ። ሻጩ «ይሄን ጨርቅ እዪው እንዴት እንደሚሰፋ» ካለ ፈገግ ብላችሁ ቆዳችሁን አውጡ።